ስሌቱ ልክ፣ ጥያቄው ስሕተት

በጁላይ 2024 ከመቶ በላይ አገሮች የተውጣጡ፣ ቁጥራቸው ከ600 የሚበልጥ ወጣቶች በእንግሊዟ ባዝ ከተማ ለዓለም አቀፉ የሒሳብ ኦሊምፒያድ ተቀመጡ። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልተከተላቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የውድድሩ ደንብ የታወቀ ነው። ሁለት ቀን፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ተኩል፣ በየቀኑ ሦስት ጥያቄ፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ሰባት ነጥብ፣ ድምሩ 42። ካልኩሌተር ይዞ መግባት ክልክል ነው። በዚያው ሰሞን የጉግል ዲፕማይንድ ተመራማሪዎች እነዚያኑ ስድስት ጥያቄዎች አልፋፕሩፍ እና አልፋጂኦሜትሪ 2 ለተባሉ ሥርዓቶቻቸው አቀረቡ። ማሽኖቹ አራቱን ፈትተው 28 ነጥብ አገኙ። የወርቅ መነሻው 29 ስለነበር ውጤታቸው የብር ሜዳልያ ደረጃ ሆነ። ዜናው በየአገሩ ሲነገር አንድ ዝርዝር ግን ብዙም ትኩረት ሳያገኝ አለፈ። ጥያቄዎቹ ለማሽኖቹ የተሰጡት ተማሪዎቹ ባነበቧቸው መልክ አልነበረም። አስቀድመው ሰዎች ቁጭ ብለው ማሽኑ ወደሚመረምረው ጥብቅ የሒሳብ ቋንቋ አንድ በአንድ ገልብጠዋቸው ነበር። ማሽኖቹ ሥራ የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው፤ አንዱን ጥያቄ በደቂቃዎች ሲጨርሱ፣ ለሌሎች እስከ ሦስት ቀን ወሰደባቸው።

ያ የመገልበጥ ሥራ እንደ ተራ ዝግጅት ቢቆጠርም የነገሩ ቁልፍ እሱ ነው። ዛሬ ቻትቦቶች የሒሳብ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ብዙ ጊዜ ብቻቸውን አይሠሩም። ከጀርባቸው ካልኩሌተር፣ የፓይተን ኮድ ማስኬጃ፣ የአልጀብራ ፕሮግራም ወይም ማረጋገጫን የሚመረምር ሶፍትዌር ይያያዝላቸዋል። ተጠቃሚው በሰው ቋንቋ ይጠይቃል፤ ቻትቦቱ ጥያቄውን መሣሪያው ወደሚቀበለው መልክ ይለውጣል፤ መሣሪያው ያሰላል፤ ቻትቦቱ ውጤቱን መልሶ በሰው ቋንቋ ያስረዳል። ይህ ጥምረት ትልቅ እርምጃ ነው፤ ትናንት ሊታመኑ የማይችሉ መልሶችን ዛሬ ልንደገፍባቸው የምንችል አድርጓል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ግን መሣሪያው የስሕተቱን ቦታ ቀየረ እንጂ ስሕተትን አላጠፋም የሚል ነው። ቀድሞ ስሌቱ ውስጥ ይገኝ የነበረው ስሕተት አሁን ከስሌቱ በፊት፣ ጥያቄው ወደ ቁጥርና ወደ ቀመር በሚለወጥበት ቦታ ይገኛል። እዚያ ደግሞ በቀላሉ አይታይም፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ስሌት ሁሉ እንከን የለውምና። ስለዚህ ሒሳብ መማርም ሆነ ማስተማር ጉልበቱን ማዋል ያለበት እዚያው ቦታ ላይ ነው።

ቁጥር እንደ ጽሑፍ ሲነበብ

ቻትቦት በመሠረቱ ቋንቋን የተማረ ፕሮግራም ነው። እጅግ ብዙ ጽሑፍ ውስጥ ቃላት እንዴት እንደሚከታተሉ አጥንቶ፣ እስካሁን ከተጻፈው ተነሥቶ ቀጥሎ ሊመጣ የሚገባውን ቁራጭ ይመርጣል፤ ያንን ጨምሮ ደግሞ የሚቀጥለውን ይመርጣል። ቁጥርም ለእሱ ጽሑፍ ነው። ረጅም ቁጥር ሲያነብ እኛ እንደተማርነው በአንድ ቤት፣ በአሥር ቤት፣ በመቶ ቤት አይለየውም፤ ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት አሃዝ እየቆረጠ እንደ ቃል ክፍሎች ያየዋል። ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው ቢባል አይሳሳትም፤ መልሱ በተማረው ጽሑፍ ውስጥ ሺህ ጊዜ ተጽፏል። 3 ወደ 73ኛ ርቢ ከፍ ሲል ስንት ይሆናል ቢባል ግን ማንም ጽፎ ያላስቀመጠለትን ነገር መናገር ሊኖርበት ነው። መልሱ 67,585,198,634,817,523,235,520,443,624,317,923 ነው፤ 35 አሃዝ። መሣሪያ ያልተያያዘለት የመጀመሪያው ዘመን ቻትቦት እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲቀርብለት መልስ የሚመስል፣ ርዝመቱ የሚቀራረብ፣ መካከሉ ግን የተፈጠረ ቁጥር በልበ ሙሉነት ይጽፍ ነበር።

እንዲህ ያለውን መልስ ለመመርመር ኮምፒውተር አያስፈልግም። የ3 ርቢዎች መጨረሻ አሃዝ 3፣ 9፣ 7፣ 1 እያለ በአራት ይዞራል፤ 73 ለአራት ሲካፈል አንድ ስለሚተርፍ መጨረሻው 3 መሆን አለበት። ቁጥሩ የ9 ብዜት ስለሆነ ደግሞ የአሃዞቹ ድምር ለ9 ያለ ቀሪ መካፈል አለበት፤ ከላይ የተጻፈው ድምሩ 153 ነው፣ ማለትም 17 ጊዜ 9። የፈጠራ ቁጥር ከእነዚህ ሁለት ወንፊቶች ቢያንስ በአንዱ የመያዙ ዕድል ከፍተኛ ነው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሚችለው ይህ ምርመራ ቀላል ይምሰል እንጂ የጽሑፉን ሐሳብ በትንሹ የያዘ ነው። መልሱን ራሱ ማስላት የማይችል ሰው እንኳ መልሱ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ካወቀ ዳኛ መሆን ይችላል።

የመሣሪያው መምጣት

ችግሩ በታወቀ ጊዜ መፍትሔው ቀድሞም እጅ ላይ ነበር። ስቲቨን ዎልፍራም ማቲማቲካ የተባለውን የስሌት ሶፍትዌር በ1988፣ ዎልፍራም አልፋን ደግሞ በ2009 ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። ቻትጂፒቲ በኖቬምበር 2022 መጨረሻ ከወጣ ከስድስት ሳምንት ያህል በኋላ፣ በጃንዋሪ 2023፣ ዎልፍራም ሁለቱ መጣመር እንዳለባቸው በጽሑፍ ተከራከረ፤ አንዱ ቋንቋ ያውቃል፣ ሌላው ያሰላል። በማርች 2023 ጥምረቱ እውን ሆነ። በዚያው ዓመት ጁላይ የቻትጂፒቲ አምራች ኦፕንኤአይ ቻትቦቱ ራሱ የፓይተን ኮድ ጽፎ እንዲያስኬድ የሚያስችለውን አገልግሎት ለከፋይ ደንበኞቹ ከፈተ። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቀድመው፣ በ2022 መገባደጃ፣ መንገዱን አሳይተው ነበር። ሞዴሉ የቃላት ጥያቄን ደረጃ በደረጃ በራሱ ከሚያሰላ ይልቅ ፕሮግራም እንዲጽፍና ስሌቱን ኮምፒውተሩ እንዲሠራው አደረጉ። በአንድ የታወቀ የአንደኛ ደረጃ ጥያቄዎች ስብስብ ላይ ይህ ዘዴ፣ በቃላት ብቻ እያሰላሰለ ከሚሠራ እጅግ ግዙፍ ሞዴል በ15 ነጥብ ያህል የበለጠ ውጤት አስገኘ። በጥያቄዎቹ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ቁጥሮች በትላልቅ ሲተኩም በቃላት የሚያሰላው ሲወድቅ በፕሮግራም የሚሠራው ብዙም አልተናወጠም።

ጥምረቱ ከመደመርና ከማባዛት በላይ የሚሄድ መሆኑን ያሳየው ደግሞ በጃንዋሪ 2024 ኔቸር በተባለው መጽሔት የታተመው የመጀመሪያው አልፋጂኦሜትሪ ነው። ሥርዓቱ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ከተሰጠው ነገር ተነሥቶ በደንብ የሚከተለውን ሁሉ የሚያወጣ የአመክንዮ ሞተር ነው፤ ሌላው ሞተሩ መንገድ ሲያጣ በምስሉ ላይ አዲስ ነጥብ ወይም መስመር እንዲጨመር ሐሳብ የሚያቀርብ የቋንቋ ሞዴል ነው። ሁለት ጎኖቹ እኩል የሆኑ ጎነ ሦስት እንውሰድ። ከመሠረቱ በላይ ያሉት ሁለት ዘዌዎች እኩል መሆናቸውን አረጋግጥ ቢባል፣ ሞተሩ ከተሰጠው ብቻ ተነሥቶ ሊቆም ይችላል። ሞዴሉ “የመሠረቱን መካከል ነጥብ ውሰድና ከጫፉ ጋር አገናኝ” ይላል። አሁን ሦስት ጎኖቻቸው በሙሉ እኩል የሆኑ ሁለት ጎነ ሦስቶች አሉ፤ ስለዚህ ልክክ ብለው ይገጥማሉ፤ ዘዌዎቹም እኩል ናቸው። ሐሳቡ ከሞዴሉ መጣ፤ ማረጋገጫው ከሞተሩ። ሞዴሉ የማይረባ ነጥብ ቢያቀርብ እንኳ ጊዜ ይባክናል እንጂ ውሸት እውነት ሆኖ አይወጣም። በዚህ ዘዴ ሥርዓቱ ከ30 የኦሊምፒያድ ጂኦሜትሪ ጥያቄዎች 25ቱን ፈታ፤ ከእሱ በፊት የነበረው ምርጥ ዘዴ የፈታው 10 ነበር። ከእነዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ሐሳብ አቅራቢውና ዳኛው ሲለያዩ ውጤቱ እንደሚታመን ነው።

ስሕተቱ የተሸሸገበት ቦታ

ይህ እምነት ግን ጥያቄው በትክክል ተቀምጧል ከሚል ግምት ይጀምራል። በኦክቶበር 2024 የአፕል ተመራማሪዎች ያንን ግምት ፈተኑት። የተለመዱ የአንደኛ ደረጃ ጥያቄዎችን ወስደው ከመልሱ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመሩባቸው። አንደኛው ጥያቄ እንዲህ ያለ ነበር፤ አንድ ልጅ ዓርብ 44 ኪዊ ለቀመ፣ ቅዳሜ 58፣ እሑድ ደግሞ የዓርብን እጥፍ፤ ከእሑዶቹ አምስቱ ግን ከሌሎቹ ትንሽ አነስ ያሉ ነበሩ። ስንት ኪዊ አለው? ትንሽም ሆነ ትልቅ ኪዊ ያው ኪዊ ስለሆነ መልሱ 44 እና 58 እና 88፣ ድምሩ 190 ነው። አንዳንድ የተፈተኑ ሞዴሎች ግን አምስቱን ቀንሰው 185 አሉ። እንዲህ ባሉ ጥያቄዎች የአንዳንዶቹ ውጤት እስከ 65 በመቶ አሽቆለቆለ። እዚህ ላይ ካልኩሌተር ምን ይጠቅማል? ከ190 ላይ 5 ሲቀነስ 185 መሆኑን ካልኩሌተሩ ያለ አንዳች ስሕተት ያረጋግጣል። የተበላሸው ቅነሳው ሳይሆን መቀነሱ ነው።

በአማርኛ ስንጠይቅ ይህ አደጋ ይበረታል፤ ምክንያቱም አነጋገራችን ውስጥ የእኛ ሰው ሳይነገረው የሚያውቃቸው፣ ማሽኑ ግን በብዛት በእንግሊዝኛ ከተማረው የማያገኛቸው ስምምነቶች አሉ። “አውቶቡሱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተነሥቶ ከቀኑ 7 ሰዓት ደረሰ፤ የተጓዘው 240 ኪሎ ሜትር ነው፤ አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው?” የሚለውን ጥያቄ ማንኛውም የአገራችን ተማሪ በአራት ሰዓት አካፍሎ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይላል። ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ያነበበ ፕሮግራም ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ እስከ ምሽቱ አንድ ቆጥሮ 16 ሰዓት ያገኛል፤ 240 ለ16 ሲካፈል 15 ነው። ማካፈሉ ልክ ነው፤ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶቡስ ግን የለም። ይህን ስሕተት የሚይዘው አውቶቡስ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው ነው።

አውቶቡሱ ቢያንስ በዝግታው ያሳብቃል፤ የማያሳብቅም ስሕተት አለ። ለዚህ ከባሕረ ሐሳብ የተሻለ መፈተኛ አላገኘሁም፤ ሊቃውንት ለዘመናት ያቆዩት፣ የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን የሚያወጣ፣ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ፣ በዛሬ ቋንቋ አልጎሪዝም የምንለው ስሌት ነው። አንድ ሰው ቻትቦቱን የ2018 ዓ.ም. ፋሲካ የሚውልበትን ቀን በባሕረ ሐሳብ ደንብ ፕሮግራም ጽፎ እንዲያሰላ ጠየቀው እንበል። ትክክለኛው አካሄድ ይህ ነው። 5500 ላይ 2018 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ከእሱ ላይ አንድ ሲነሣ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩ በ19 ሲባዛ 228፤ በ30 ሲገደፍ (በ30 ተካፍሎ ቀሪው ሲወሰድ) መጥቅዑ 18። መጥቅዕ ከ14 ሲበልጥ በመስከረም ይውላልና፣ መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ (ለዕለቱ የተመደበው ተደማሪ) 7። 18 እና 7 መባጃ ሐመሩን 25 ያደርጉታል፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ይገባል። በዚህ ላይ የፋሲካ ተውሳክ 9 ሲደመር 34፤ በ30 ሲገደፍ 4። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን ይውላል።

አሁን ፕሮግራሙ አንዲት ነገር ብቻ ዘነጋ እንበል፤ ከቀሪው ላይ አንድ ማንሣትን። ወንበሩ 13 ይሆናል፤ በ19 ሲባዛ 247፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 7። ከ14 ስለሚያንስ ወደ ጥቅምት ይሻገራል፤ ጥቅምት 7 ዓርብ ነው፤ የዓርብ ተውሳክ 2፤ ድምሩ 9። ነነዌ የካቲት 9፣ ፋሲካ ሚያዝያ 18። ልብ እንበል፤ የካቲት 9 ሰኞ ነው፣ ነነዌም ሰኞ ነው የሚገባው። ሚያዝያ 18 እሑድ ነው። ፋሲካ ከመጋቢት 26 ቀድሞ፣ ከሚያዝያ 30 አልፎ አይውልም፤ ሚያዝያ 18 በመካከሉ ነው። ከውጭ ለሚያየው ሰው መልሱ በሁሉም ረገድ ፋሲካ ይመስላል፤ ግን ሁለት ሳምንት ዘግይቷል። ኮምፒውተሩ አንድም የስሌት ስሕተት አልሠራም። ስሕተቱ የሚጋለጠው በአንድ መንገድ ነው፤ ያንኑ ፕሮግራም መልሱ በሚታወቅ ዓመት ላይ ማስኬድ። ለ2017 ዓ.ም. ቢጠየቅ ሚያዝያ 5 ይላል፤ ምእመናን ፋሲካን ያከበሩት ግን ሚያዝያ 12 ነበር። አንድ የታወቀ ዓመት የፕሮግራሙን ጉድለት ይፋ ያወጣዋል፤ የሚሞክረው ሰው ከተገኘ።

ምሳሌ ሺህ ቢሆን

ጥያቄው በትክክል ከተቀመጠ በኋላም መሣሪያው የሰጠን መልስ ምን ያህል እንደሚያስረግጥ ማወቅ ሌላ ጉዳይ ነው። በ1769 የሒሳብ ሊቁ ኦይለር አንድ ግምት አቀረበ፤ የአንድን ሙሉ ቁጥር አምስተኛ ርቢ በሌሎች አምስተኛ ርቢዎች ድምር ለመጻፍ ቢያንስ አምስት ተደማሪ ያስፈልጋል የሚል። ግምቱ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆየ። በ1966 ላንደር እና ፓርኪን የተባሉ ሁለት ሰዎች ሲዲሲ 6600 በተባለው ኮምፒውተር ፈልገው 27⁵ + 84⁵ + 110⁵ + 133⁵ = 144⁵ መሆኑን አገኙ። ሁለቱም ወገን 61,917,364,224 ነው። ተደማሪዎቹ አራት ስለሆኑ ግምቱ በዚያው ወደቀ፤ ያሳተሙት ጽሑፍም ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ኮምፒውተር ግምትን ለመጣል አንድ ተቃራኒ ምሳሌ ይበቃዋል፤ ያንን ምሳሌ ደግሞ ማንም ሰው በእጁ አባዝቶ ሊያረጋግጥ ይችላል።

ግምትን ለማጽናት ግን ምሳሌ አይበቃም። አንድ ቁጥር ወስደን በራሱ እናባዛው፣ ቁጥሩን ራሱን እንደምርበት፣ 41 እንጨምርበት። ከዜሮ ብንጀምር 41፣ ከዚያ 43፣ 47፣ 53 እያለ ይሄዳል፤ ሁሉም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። እስከ 39 ድረስ አርባዎቹ መልሶች በሙሉ ብቸኛ ቁጥር ይሆናሉ። 40 ላይ ስንደርስ ውጤቱ 1681 ነው፤ እሱም 41 ጊዜ 41። ኮድ የሚያስኬድ ቻትቦት የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ሞክሮ “ሁልጊዜ ይሠራል” ቢለን፣ የሞከረው ሁሉ እውነት ሆኖ ድምዳሜው ውሸት ነው። በኮድ ተሰልቶ የመጣ መልስ ሁሉ ተረጋግጧል ብሎ የሚያምን ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። “ሞክሬ አየሁት” እና “ይህ መሆኑ ግድ ነው” የተለያዩ ናቸው።

ሁለተኛውን ለመናገር የሚያስችሉት መሣሪያዎች ማረጋገጫ መርማሪዎቹ ናቸው። ዋጋቸውን በደንብ የሚያሳየው የኬፕለር ግምት ታሪክ ነው። እኩል ክብ ነገሮችን፣ ለምሳሌ ብርቱካንን፣ ቦታ ሳያባክኑ ለመደርደር ነጋዴዎች ከሚከምሩበት መንገድ የተሻለ የለም የሚለው ግምት ከ1611 ጀምሮ ይታወቃል። ቶማስ ሄልስ በ1998 በከባድ የኮምፒውተር ስሌት የተደገፈ ማረጋገጫ አቀረበ። አሥራ ሁለት ገምጋሚዎች ዓመታት ለፍተው 99 በመቶ እርግጠኞች ነን፣ የኮምፒውተሩን ክፍል ግን ሙሉ በሙሉ ልናረጋግጥ አልቻልንም አሉ። ሄልስ በዚህ አልረካም። ከባልደረቦቹ ጋር እያንዳንዷን የአመክንዮ እርምጃ ማሽን እንዲመረምራት አድርጎ ማረጋገጫውን እንደገና ጻፈው፤ ሥራው በኦገስት 2014 ተጠናቀቀ። ዛሬ አልፋፕሩፍ የሚጠቀምበት ሊን የተባለው ቋንቋ፣ በ2013 በማይክሮሶፍት ምርምር ክፍል የተጀመረው፣ የዚሁ ዘር ነው። የሞዴሉን ማረጋገጫ አንድ እርምጃ ቢጎድለው እንኳ ይመልሰዋል። ይሁንና ሊን የሚመረምረው ማረጋገጫው የተጻፈውን ቲዎረም እንደሚያጸና ነው። የተጻፈው ቲዎረም ልንጠይቅ የፈለግነው መሆኑን አያውቅም። የባዝን ጥያቄዎች የገለበጡት ሰዎች የያዙት ኃላፊነት ይህ ነበር፤ ከሁሉ ጥብቅ የሆነው መሣሪያም ሊቀማቸው አልቻለም።

ሦስት መቃወሚያዎች

የመጀመሪያው መቃወሚያ ከዚያው ከኦሊምፒያድ ይመጣል። በጁላይ 2025 በአውስትራሊያዋ ሰንሻይን ኮስት በተካሄደው ውድድር የጉግል ዲፕማይንድና የኦፕንኤአይ ሞዴሎች ከስድስቱ አምስቱን ፈትተው 35 ነጥብ፣ ማለትም የወርቅ ደረጃ አገኙ። ጥያቄውን በሰው ቋንቋ አነበቡ፣ በሰው ቋንቋ መለሱ፣ በተማሪዎቹ የአራት ሰዓት ተኩል ገደብ ውስጥ ጨረሱ፤ የሚገለብጥላቸው ሰው አልነበረም። እንግዲያው መሣሪያውም፣ ስለ ጥያቄ አቀማመጥ የተባለውም ሁሉ በአንድ ዓመት አረጀ ማለት ነው? ውጤቱ ታላቅ መሆኑ አይካድም። ግን 35 ነጥቡን ማን ሰጠ? ማረጋገጫዎቹን መስመር በመስመር ያነበቡ የሒሳብ ሰዎች ናቸው። አምስት ማረጋገጫ በሰው ዓይን ይነበባል፤ በየቀኑ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መልሶች ግን አይነበቡም። የኦሊምፒያድ ጥያቄዎች ደግሞ በባለሙያዎች ተመርጠው፣ አሻሚ ቃል ተነቅሶላቸው የሚቀርቡ ናቸው፤ የአቀማመጡ ሥራ በአዘጋጆቹ አስቀድሞ አልቋል። በሕይወት የሚገጥመን የብድር፣ የመድኃኒት መጠን፣ የግንባታ ጥያቄ እንዲህ ተጠርጎ አይመጣም። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ የተገለጸው አልፋኢቮልቭ የተባለ ሥርዓትም ተመሳሳይ ነገር ይመሰክራል። አራት በአራት የሆኑ ሁለት ማትሪክሶችን በኮምፕሌክስ ቁጥሮች ለማባዛት ከ1969ኙ የሽትራሰን ዘዴ የሚገኘው 49 ብዜት ነበር፤ ሥርዓቱ 48 የሚበቃበትን መንገድ አገኘ። የቋንቋ ሞዴሎች ሐሳብ እያቀረቡ፣ የተለየ ፕሮግራም እየፈተነ የተገኘ ነው። ሞዴሉ እየበረታ ሲሄድ የዳኛው አስፈላጊነት አልቀነሰም።

ሁለተኛው መቃወሚያ መሣሪያውስ ይሳሳት የለም ወይ የሚል ነው። ይሳሳታል። በ1994 ቶማስ ናይስሊ የተባሉ የሒሳብ መምህር ስለ ብቸኛ ቁጥሮች ሲያሰሉ የኢንቴል ፔንቲየም ቺፕ አንዳንድ ማካፈሎችን እንደሚያበላሽ ደረሱበት፤ ጉዳዩ ኩባንያውን 475 ሚሊዮን ዶላር አስወጣው። ነገር ግን ስሕተቱ የተገኘበትን መንገድ እንመልከት። ያንኑ ቁጥር ያካፈለ ፔንቲየም ሁሉ ያንኑ የተሳሳተ መልስ ይሰጥ ስለነበር ማንም ሊደግመው፣ በሌላ ማሽን ሊያስተያየውና ምክንያቱን ሊያገኝ ቻለ። የቻትቦት ስሕተት ግን ዛሬ ታይቶ ነገ ሊጠፋ፣ አንድ ቃል ሲለወጥ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። የመሣሪያው ብልጫ ስሕተቱ የሚያዝ መሆኑ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው መቃወሚያ የመምህራን ነው፤ ልጆች ይሰንፋሉ የሚል። ለዚህ ማስረጃ አለ። በቱርክ ወደ አንድ ሺህ በሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ በተደረገና በ2025 በታተመ ጥናት፣ ተራውን ቻትቦት የተጠቀሙ ተማሪዎች በልምምድ ጊዜ ውጤታቸው በ48 በመቶ ጨመረ። ቻትቦቱ ተወስዶ ለፈተና ሲቀመጡ ግን ጭራሽ ተጠቅመው ከማያውቁት በ17 በመቶ አነሱ። ፍራቻው እውነት ነው። ሆኖም ጥናቱ ሌላ ቡድንም ነበረው። መልስ እንዳይሰጥ፣ በመምህራን የተዘጋጀ ፍንጭ እንዲሰጥ የተደረገ ቻትቦት የተጠቀሙት ተማሪዎች በልምምድ 127 በመቶ ሲሻሻሉ፣ በፈተናው ላይ ያ ጉዳት በአብዛኛው አልታየባቸውም። ልዩነቱን ያመጣው ማሽኑ የትኛውን የሥራ ክፍል ከተማሪው ወሰደ የሚለው ነው። ማሰቡን ሲወስድ ጎዳ፤ ሲያግዝ ግን በአብዛኛው አልጎዳም።

ለመምህርም ለተማሪም

እስካሁን ያየነው ሁሉ ወደ አንድ አሠራር ይመራል። ቻትቦትን ከስሌት መሣሪያ ጋር የሚጠቀም ሰው መልሱን ከማየቱ በፊት ጥያቄው እንዴት እንደተቀመጠ ይጠይቅ፤ የትኛው ቁጥር የት ገባ፣ ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር ተነበበ፣ ወለዱ በየወሩ ነው ወይስ በየዓመቱ፣ ሳይነገር የተወሰደ ግምት አለ ወይ። ቻትቦቱ ይህን በአማርኛ ዘርዝሮ እንዲጽፍ ማዘዝ ይቻላል፤ የኪዊውም የአውቶቡሱም ስሕተት እዚያ ዝርዝር ላይ በግልጽ ይታይ ነበር። ቀጥሎ ፕሮግራሙን መልሱ በሚታወቅ ጉዳይ ላይ ያስኪደው፤ እንደ 2017ቱ ፋሲካ። በመጨረሻም የቀረበለት ነገር ምሳሌ ይሁን፣ ስሌት ይሁን፣ ወይስ ማረጋገጫ ለይቶ ይወቅ። ይህን ለማድረግ የኮምፒውተር ሊቅ መሆን አያሻም፤ ሒሳቡን ግን ማወቅ ያሻል። ማሽኑ አለና ሒሳብ አያስፈልግም የሚለው ክርክር የሚፈርሰው በዚህ ነው።

ትምህርት ቤቶቻችን ይህን በትልቅ በጀት መጀመር አይጠበቅባቸውም። በፈተና ወረቀት ላይ የነጥብ አሰጣጡን በመቀየር ነገ ሊጀምሩት ይችላሉ። አሥር ነጥብ ከሚያዝለት የቃላት ጥያቄ ሁለቱ ለመጨረሻው መልስ፣ አምስቱ ጥያቄውን ወደ እኩልዮሽ ለቀየረበት መንገድና ለወሰደው ግምት፣ ሦስቱ ደግሞ መልሱ ልክ መሆኑን ለመረመረበት ዘዴ ይሰጥ። አንዳንድ ጊዜም መምህሩ ቻትቦት የሠራውን፣ ስሌቱ ልክ አቀማመጡ ግን የተሳሳተ መፍትሔ አትሞ ያድልና ተማሪዎቹ ስሕተቱ የቱ ጋ እንደሆነ እንዲፈልጉ ያድርግ። በዚህ መንገድ የሚማር ልጅ ማሽኑ ምንም ያህል ቢበረታ አይበለጥም፤ ማሽኑ ሊሠራለት የማይችለውን ክፍል ተምሯልና።